ገለባን የረሳ ስሌት

በደቡብ ወሎ፣ ከላላ ላይ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ከአንድ ማሳ ሁለት ምርት ይጠብቃል። አንደኛው ጎተራ ይገባል። ሁለተኛው አውድማ ዳር ይከመርና ከጥር እስከ ሰኔ በሬ ያኖራል። ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም ከመድረክ የሚነገረው ምክር ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የጎተራውን ብቻ ይቆጥራል። «በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ተገኘ» ይባልና ይጨበጨባል። ገለባው ስንት ሆነ? ከብቱ ይወደዋል ወይ? ከማሳው የተነቀለው አረም ወዴት ሄደ? እነዚህን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የዚህ ዳሰሳ ክርክር አንድ ነው፦ እንደ ከላላ ባለ ደጋ ለፍሬ ብቻ ተሰልቶ የመጣ የማዳበሪያና የአረም ምክር ግማሽ ምክር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጎጂ ነው።

በሌላው ዓለም የመኖ እህል ሲባል ፍሬው ተፈጭቶ ለከብት፣ ለአሳማና ለዶሮ የሚሰፈር በቆሎ፣ ገብስና ማሽላ ማለት ነው። በዓለም ከሚመረተው ገብስ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንስሳ ነው። ወሎ ውስጥ ገብስ ቆሎ ነው፣ በሶ ነው፣ እንጀራ ነው። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ ገበያ የሚደልብ ሙክት ትንሽ ቢደርሰው እንጂ ፍሬውን ለበሬ የሚሰፍር ቤት የለም። ስለዚህ እዚህ የመኖ እህል ጉዳይ በዋናነት የገለባ ጉዳይ ነው። ቀጥሎ ለድርቆሽ ወይም በእርጥቡ የሚታጨደው የመኖ አጃ ይመጣል፤ ወደ ሸለቆው ሲወረድ ደግሞ የማሽላ አገዳ። (የወሎ ደጋ ሰው አጃ ሲባል ባለ ገለፈቱን የጥንት ስንዴ ያስብ ይሆናል፤ እዚህ የመኖ አጃ የምለው ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በዚሁ ስም የሚያከፋፍሉትን፣ ሲናር የሚባለው ሣር አረም ዘመድ የሆነውን ነው።)

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የእንስሳት ናሙና ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት የአገሪቱ ከብት ከሚበላው ከግማሽ የሚበልጠው የግጦሽ ሣር ነው። ሲሶ ገደማው የሰብል ተረፈ ምርት ነው። «የተሻሻለ መኖ» የሚባለው ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ተዳፋቱ ሳይቀር ታርሶ ግጦሹ በሳሳበት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በከላላም ሆነ በጎረቤቶቹ በጃማ፣ በወግዲ፣ በለጋምቦና በቦረና፣ ከብቱ ከምንም በላይ የሚተማመነው በዚያ ክምር ነው።

የክምሩን መጠን ለመገመት የመኖ ባለሙያዎች የቆየ ቀመር አላቸው። ለአንድ ኩንታል ገብስ፣ ስንዴ ወይም ጤፍ አንድ ኩንታል ተኩል ገለባ ይታሰባል፤ ለበቆሎ ሁለት፣ ለማሽላ ሁለት ተኩል። 20 ኩንታል ገብስ ያስገባ አንድ ሄክታር 30 ኩንታል ገለባ ሰጠ ማለት ነው። አንድ የአገር በሬ በቀን 6 ኪሎ ቢበላ ይህ ክምር አንድ ጥማድ በሬ 250 ቀን ያቆያል፤ ዝናብ የሚያበሰብሰውንና ለምርጊት የሚሄደውን ሳንቀንስ ነው። ያቆያል አልኩ እንጂ ያጠግባል አላልኩም። የገለባ ፕሮቲን ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ ነው። በከብት ጨጓራ ውስጥ ገለባውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ሥራቸውን በወጉ እንዲሠሩ 7 እጅ ገደማ ይፈልጋሉ። ሰኔ ላይ ቀንበር ሲጫንበት የሚንገዳገደው በሬ ሁልጊዜ ሆዱ ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ ሆዱ ሞልቶ ፕሮቲን የጎደለውም ብዙ ነው። ይህቺን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ አረም ላይ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

መጀመሪያ ውሃው

የከላላና የጃማ ሜዳ ሰፊው ክፍል ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፤ ሐምሌ ላይ ውሃ ቋጥሮ ሰብሉን ያስጨንቃል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ስለ ማዳበሪያ መጠን ከመከራከር በፊት ስለ ቦይ ማውራት ይቀድማል። ውሃ የተኛበት አፈር አየር ያጣል፤ አየር ባጣ አፈር ውስጥ ናይትሮጂን ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበናል። ገበሬው በብድር የገዛው ዩሪያ ሥር ሳይደርስ ሰማይ ገባ ማለት ነው። ስንዴው ቢጫ ሲሆን «ማዳበሪያው አነሰ» ተብሎ ሌላ ይጨመራል፤ ያም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር በዋልካ አፈር ላይ ሲሠራ፣ በበሬ የሚጎተትና በአገር ማረሻ ላይ የተመሠረተ የመደብ መሥሪያ አውጥቶ ነበር። ከፍ ያለ ሰፊ መደብና በመካከሉ ቦይ ያወጣል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ሰብሉ መደቡ ላይ ይቆማል። ከዚያም በፊት የሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች ይህንኑ መደብ በእጃቸው ያወጡ ነበር፤ ሥራው በአብዛኛው በሴቶችና በልጆች ጉልበት የሚሠራ፣ ወገብ የሚያጎብጥ ነው። ጥቅሙ ከፍሬ ይሻገራል። ዋልካው ከተንጣፈፈ ስንዴው እስከ ሐምሌ ማለቂያ መጠበቅ ሳያስፈልገው ቀደም ብሎ ይዘራል፤ ቀድሞ ከተዘራ ቀድሞ ይነሣል፤ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይገባል። የጓያና የሽምብራ ገለባ ደግሞ በፕሮቲን ከገብስ ገለባ በብዙ ይሻላል። ከአንድ ቦይ የሚገኘው መኖ በየትኛውም የማዳበሪያ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

ከረጢቱና ኩበቱ

የማዳበሪያ ታሪካችን አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባካሄዳቸው የማሳያ ሙከራዎችና በአርሲው የጭላሎ ፕሮጀክት ተጀመረ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ደግሞ «100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ በሄክታር» የሚለው ቀመር ከዳር እስከ ዳር ተዳረሰ። ለጥቁር አፈርም ለቀይ አፈርም፣ ለደጋም ለቆላም አንድ ቃል ነበር። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ በብዙ ቦታ ድኝና ሌሎች ንጥረ ነገሮች እንደጎደሉ በማመልከቱ በዳፕ ምትክ ኤንፒኤስ ገባ። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ 19 ኪሎ ናይትሮጂን፣ በፎስፌት መልክ የሚቆጠር 38 ኪሎ ፎስፈረስና 7 ኪሎ ድኝ ይይዛል። ዩሪያ 46 እጁ ናይትሮጂን ነው። በሁለቱም ከረጢት ውስጥ ፖታሲየም የለም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከገለባ ጋር ሲታሰብ ይከብዳል። ፍሬ በዋናነት ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል፤ ፖታሲየም የሚከማቸው በአገዳና በገለባ ነው። ከላይ የጠቀስነው 30 ኩንታል የገብስ ገለባ ከማሳ ሲነሣ ከ30 ኪሎ ያላነሰ ፖታሲየምና ወደ 18 ኪሎ ናይትሮጂን አብሮት ይወጣል። ገለባው ማሳ ላይ በሚቀርበት አገር ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ከላላ ላይ ግን ሁሉም ተጠራርጎ ይነሣል፣ ቃርሚያውንም ልቅ ግጦሽ ይጨርሰዋል። የደጋው ዋልካ በፖታሲየም ሀብታም ነው እየተባለ ሲታለፍ ኖሯል፤ እስከዛሬ እውነት ሊሆን ይችላል። ሃምሳ ዓመት ገለባ እየተነሣ ምንም ሳይመለስበት ሀብታም ሆኖ የሚቀር መሬት ግን የለም።

ገለባው በበሬው ሆድ አልፎ እበት ይሆናል፤ እበቱ ማሳ ቢመለስ ዑደቱ ይዘጋ ነበር። እንጨት ባለቀበት ደጋ ግን እበት ኩበት ነው። አንድ ቶን ደረቅ እበት በግምት 15 ኪሎ ናይትሮጂን አለው፤ በዩሪያ ሲታሰብ 33 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ሲነድድ ናይትሮጂኑ በጭሱ ይሄዳል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ይቀራሉ፤ አመዱም ጓሮ ይደፋል። የጓሮ ጎመንና የጓሮ ገብስ አረንጓዴ ሆኖ ሩቁ ማሳ የሚገረጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ገበሬውን «ኩበት አታንድድ» እያሉ መስበክ ቀላል ነው። ሴትየዋ በምን ታብስል? ይህንን ሳይመልሱ የሚሰጥ የኮምፖስት ሥልጠና ከአበል ያለፈ ፍሬ ሲያፈራ አላየሁም። የማገዶ ዛፍ ከሌለ እበቱ ማሳ አይደርስም፤ ለእኔ የማዳበሪያ እቅድ የሚጀምረው ከማገዶ ነው።

ከረጢቱም ቢሆን በሰዓቱ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ቀጥሎም በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አማራ ክልል ውስጥ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬዎች አቤት እስከማለት ሲደርሱ፣ ከዚያ ወዲህም የጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋ ነገሩ ታይቷል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ፈርመዋል። ይሳካ። እስከዚያው ድረስ ግን ያለችውን ኪሎ እንዴት እንደምናውላት ማወቅ ይሻላል።

እንዴት? ኤንፒኤሱ በዘር ወቅት ከዘሩ ጋር ወደ መስመሩ ይግባ። ብትን ሆኖ ከተረጨ አረሙንም እኩል ይመግባል፤ «ማዳበሪያ አረም ያበዛል» የሚለው የገበሬ ቅሬታ መሠረት አለው። ዩሪያው ለሁለት ይከፈል፤ ሲሶው በዘር ጊዜ፣ የቀረው ሰብሉ መቀንበጥ ሲጀምርና ከመጀመሪያው አረማ በኋላ። ይህ ሁለተኛው ድርሻ ከአረማ በፊት ከተበተነ ለሲናር የሚከፈል ግብር ነው። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር፤ ፀሐይ ላይ ተበትኖ የሚያድር ዩሪያም ይተናል። አራት ጥማድ መሬት አንድ ሄክታር ነውና 100 ኪሎ የተባለው ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ፣ ማለትም የአንድ ከረጢት ግማሽ ይሆናል።

የአገሬው ረጅም ገብስ ናይትሮጂን ሲበዛበት ይጋሽባል። ለፍሬ ብቻ የሚያስብ ባለሙያ «አጭር ዝርያ ዝሩ» ይላል፤ አጭሩ ማዳበሪያ ይችላል፣ ፍሬው ይበዛል፣ ገለባው ግን ያንሳል። ገበሬው «አይሆንም» ሲል ኋላ ቀር ተብሎ ይጻፍበታል። እርሱ ግን ሁለቱን ምርት ደምሮ ነው የሚመልሰው። በማሽላም የሆነው ይኸው ነው። የኢትዮጵያዊው ሊቅ የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ሥራ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙትን «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉ ዝርያዎች አስገኝቷል፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። ዝርያዎቹ ቶሎ ይደርሳሉ፣ ፍሬ ይሰጣሉ፤ ቁመታቸው ግን አጭር ነው። አገዳን ለከብት፣ ለማገዶና ለቤት ክዳን በሚፈልግ የወሎ ቆላ ገበሬ ዘንድ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

የመኖ አጃ ከዚህ ክርክር ያመልጣል፤ የሚፈለገው ሙሉ አካሉ ነውና። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ሲአይ-8237 እና ላምፕተን የሚባሉት ዝርያዎች በደጋው የታወቁ ናቸው። ብቻውን ሲዘራ በሄክታር ከ80 እስከ 100 ኪሎ ዘር ይፈልጋል። ቬች ከተባለው የመኖ ጥራጥሬ ጋር ሲቀላቀል አጃው ወደ 75፣ ቬቹ ወደ 20 ኪሎ ይሆናል። ቬች ናይትሮጂንን ከአየር ስለሚያገኝ ድብልቁ ብዙ ዩሪያ አያሻውም፤ ፎስፈረስ ግን ይፈልጋል። ዩሪያ ካበዛንበት አጃው ይፈነጥዝና ቬቹን ይጋርደዋል፤ ፕሮቲኑን ልናገኝ የዘራነውን በራሳችን እጅ አፍነነው እናርፋለን። ውርጭ የሚመታው የለጋምቦ ዓይነት ደጋ ላይ ደግሞ አጃ ሌላ ጥቅም አለው። ፍሬው ቢመታ እንኳ ድርቆሹ ይተርፋል።

አረሙን ማን ይበላዋል?

አሁን ወደዚያች የፕሮቲን ቁጥር እንመለስ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የግጦሽ መሬቱ ጭቃ ነው፣ ሜዳው ሁሉ ሰብል ይዟል፣ ክምሩ አልቋል። ላም የምትታለበው በምን ነው? ማሳ ውስጥ ገብታችሁ ተመልከቱ፤ ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው የሚነቅሉት አረም ማሳው ዳር እየተከመረ፣ ማታ በጀርባና በአህያ ቤት ይገባል። አረማ ለእነርሱ ሰብል ማጽዳትም መኖ ማጨድም ነው። ከሚነቀለው ውስጥ የተሻለው ማገጥ ነው፤ በዋልካ ላይ በራሱ የሚበቅል የአገራችን የዱር ክሎቨር ነው፤ ናይትሮጂን ይሠራል፣ ፕሮቲኑም ከገለባ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የገለባውን ጉድለት የሚሞላው ይኸው «አረም» ነው። ሽልሻሎ የሚታረስበት የቆላ ማሽላም እንዲሁ ነው። ገበሬው ዘሩን አብዝቶ የሚዘራው ኋላ የሚሳሳው ቡቃያ መኖ እንደሚሆን አውቆ ነው።

በዚህ መካከል ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ገባ። ርካሽ ነው፣ በየወረዳው ከተማ ይገኛል። በሄክታር አንድ ሊትር በ200 ሊትር ውሃ የሚለው ልማዳዊ መጠን ለአንድ ጥማድ ሩብ ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር የጀርባ መርጫ ሁለት ጊዜ ተኩል ተሞልቶ ይጨርሰዋል። ሰው በወንፈል ብዙ ቀን የሚፈጀውን ሥራ አንድ ጎረምሳ በግማሽ ቀን ይጨርሳል። ጉልበት በተወደደበት፣ ወጣቱ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓረብ አገር በሚሄድበት ዘመን ይህን መናቅ አይቻልም። ነገር ግን ቱፎርዲ የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ነው። ማገጡን ይገድላል፤ ከአጃ ጋር የተዘራ ቬችን ይገድላል፤ ነፋስ ከወሰደው የጎረቤት ባቄላን ያጠወልጋል። ሣር የሆነውን አረም፣ ማለትም ሲናርን፣ ሙጃንና እንክርዳድን፣ አይነካም። ከዓመት ዓመት ቱፎርዲ ብቻ የተረጨ ማሳ ለከብት የሚጠቅመው አረም ጠፍቶ ያን ያህል የማይጠቅመው የነገሠበት ማሳ ይሆናል። መኖው አብሮ ሲሰላ ይህ ርጭት እንደሚመስለው ርካሽ አይደለም።

ሣር አረምን የሚገድሉ መድኃኒቶችም መጥተዋል፤ ፓላስ፣ ቶፒክ፣ አክሲያል። ፓላስና ቶፒክ የስንዴ ናቸው፤ ገብስ ላይ አይረጩም። አክሲያል ለስንዴም ለገብስም ይሆናል። የመኖ አጃን ግን ሦስቱም ይጎዱታል፤ አጃ የሲናር ሥጋ ዘመድ ነውና ሲናርን የሚገድል እርሱንም ይገድለዋል። ቱፎርዲንም ቢሆን አጃ እንደ ስንዴና እንደ ገብስ አይችለውም። ስለዚህ የመኖ አጃ ውስጥ ያለን ሲናር የሚለይ መድኃኒት በገበያ የለም። አለ ብሎ የሚሸጥ ቢመጣ አትግዙ።

እጅ ግን ይለያል፤ ቢያንስ ከገብስና ከስንዴ ማሳ። ሦስትና አራት ቅጠል ባወጣ ቡቃያ ላይ፣ ቅጠሉ ከአገዳው የሚነሣበትን ቦታ በሁለት ጣት ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ገብስ አገዳውን የሚያቅፉ ሁለት ረጃጅም ነጫጭ ጆሮዎች አሉት። ስንዴም አለው፤ አጠር ብለው ጠርዛቸው ፀጉራም ነው። ሲናር ጆሮ የለውም፤ ባዶ ነው። የቅጠሉም ጥምዛዜ ይለያል፤ የስንዴና የገብስ ቅጠል ወደ ቀኝ ሲጠማዘዝ የሲናር ወደ ግራ ይዞራል። ይህን የሚያውቅ የአሥር ዓመት ልጅ ካላወቀ ጎልማሳ ይሻላል። ልዩነቱ የሚጠቅመው ግን በመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ሳምንታት ነው፤ ሰብሉ በአረም የሚጎዳውም በዚያው ጊዜ ነውና። ዘለላ ካወጣ በኋላ የሚነቀል ሲናር ለላሟ እንጂ ለገብሱ አይጠቅምም።

ሲናርና እህል በዚህ ደጋ የኖሩት አብረው ነው። ኢትዮጵያ ከሌላው ዓለም የሚለይ የራሷ አጃ አላት፤ ግማሽ አረም ግማሽ ሰብል የሆነ፣ ከገብስ ጋር በቅሎ፣ አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ የሚፈጭ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችንን ዞሮ ዘር ሰብስቧል፤ በዚሁ አካባቢ የሚገኝ አንድ የዱር ሲናር ዛሬ በሳይንሳዊ መጠሪያው የእርሱን ስም ይዟል። አጃ በጥንቱ የእህል ማሳ ውስጥ አረም ሆኖ ገብቶ ቀስ በቀስ ሰብል ሆነ የሚለውን ሐሳብ ያራመደውም እርሱ ነው። የትላንት አረም የዛሬ መኖ መሆኑ ለከላላ ገበሬ ብዙም አያስደንቀው።

የሲናር ጉልበቱ በዘሩ ነው። ከገብሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ዘሩን ማሳ ላይ ያራግፋል፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ለዚህ ከመድኃኒት ሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ከመኖው ወገን ይመጣል፦ በሲናር የተወረረውን ማሳ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ወደ መኖ አጃና ቬች መለወጥ፣ ፍሬው ወተት ሲይዝ ደግሞ ሳይጠብቁ ማጨድ። አጃው ፈጥኖ መሬቱን ስለሚሸፍን ብዙውን አረም ያፍናል፤ የተረፈው ሲናር ዘሩን ሳያራግፍ አብሮ ይታጨድና ድርቆሽ ይሆናል። ድርቆሹ ዝናብ በማያገኘው ጊዜ እንዲደርቅ የዘሩን ቀን ማስላት ግን ግድ ነው፤ መስከረም መጀመሪያ ላይ ታጭዶ የሻገተ አጃ ለማንም አይሆንም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ በአጭሩ። ያልበሰለ እበት የአረም ዘር ይዞ ይመለሳል፤ የማገጥ ዓይነቱ ጠንካራ ዘር በከብት ሆድ አልፎ ይበቅላል፤ በደንብ ተከምሮ የጋለ ኮምፖስት ግን አብዛኛውን ይገድለዋል። ቅንጨ አረም ደግሞ ከቆላው ወደ ላይ እየወጣ ነውና ከድርቆሽ ጋር እንዳይታጨድ፤ የበላች ላም ወተቷ ይመራል። አቀንጭራን ግን ከማዳበሪያ ነጥሎ ማየት አይቻልም። እርሱ የሚነግሠው በደኸየ አፈር ላይ ነው፤ እበትና ናይትሮጂን ያገኘ የማሽላ ማሳ አቀንጭራው ይቀንስለታል።

ምግቡ መርዝ ሲሆን

ለፍሬ የተዘጋጀ ምክር ጨርሶ የማያነሣው ይህን ነው። ዩሪያ በብዛት የጠጣ አጃ ድርቅ ወይም ውርጭ ከመታው ናይትሬት በአገዳው ይከማቻል፤ የተራበ ከብት በአንድ ጊዜ ሲሞላበት ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ይወድቃል። ዩሪያ ከተበተነ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይጠብቁ አለማጨድ፣ ውርጭ በመታው ማግስት አለማብላት፣ ሁልጊዜም ከገለባ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ይገባል። የማሽላ ቡቃያና ከታጨደ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ደግሞ ሌላ መርዝ አለው፤ ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ ከብት አይግባበት። ጠል የያዘ ማገጥ ጠዋት በባዶ ሆድ የበላች ላም ትነፋለች፤ መጀመሪያ ገለባ ትቅመስ። መድኃኒት የተረጨበት አረምና ሰብልም በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳያልፍ ለከብት አይሰጥም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ መሆኑ፣ ገበሬው ደግሞ መድኃኒቱን በሃይላንድ ጠርሙስ ተከፋፍሎ መግዛቱ የሚያሳፍር ነገር ነው። ሻጩ በአማርኛ ጽፎ እንዲሰጥ ማስገደድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የስሪንቃና የደብረ ብርሃን ምርምር ማዕከላት በዚህ ደጋ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል፤ በጃማ ዋልካ ላይ የተካሄዱት የናይትሮጂንና የፎስፈረስ ሙከራዎችም ለከላላ ቅርብ ናቸው። የሚጎድለው የምርምር መኖር አይደለም፤ የሚመዘነው ነገር ነው። የገለባው ክብደትና ጥራት፣ ከማሳው የወጣው የአረም መኖ፣ ማሳ የተመለሰው እበት በሰንጠረዡ አንድ አንድ ዓምድ ቢያገኙ ዛሬ «ምርጥ» የተባለው የማዳበሪያ መጠንም «ምርጥ» የተባለው ዝርያም ቦታቸውን ሊለዋወጡ ይችላሉ።

የቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ግን ያን ሰንጠረዥ መጠበቅ የለባችሁም። በሚቀጥለው ታኅሣሥ ማሳያ ማሳ ላይ ፍሬውን ስትመዝኑ ሚዛኑን ከመጠቅለላችሁ በፊት ገለባውንም መዝኑ፤ የገበሬውንም ስም ከሁለቱ ቁጥር ጋር ጻፉት።